የፎቶው ጀርባ ባዶ አይቅር


ሱሉልታችን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች። ሣር ይታጨድበት የነበረው መስክ ዛሬ ሕንፃ ቆሞበታል። የድሮ መልኳ ያለው በየሳጥናችን ባስቀመጥነው የሠርግ፣ የክርስትናና የዒድ ፎቶ ላይ ነው፤ ከሙሽራዋ ኋላ አጥሩም መንገዱም ይታያል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከየቤተሰቡ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች ነው የተሠራው። እኛስ ምን ያንሰናል?

ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ግን ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይሆንም። ስሙን የሚያውቁት ትልልቆቹ እናቶቻችን ናቸው፤ በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። ጀርባው ላይ ማን፣ የት፣ መቼ ብለን በለስላሳ እርሳስ እንጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ሰርጎ ያበላሻል። ቅጂውን በሞባይል እናንሳ፤ ዋናው ከባለቤቱ እጅ አይውጣ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ፎቶ ይዘን እንምጣ።