ስለ ቤት ግድግዳና ስለ አትክልት ቦታ ደማቅ ቀለም



ግድግዳን በደማቅ ቀለም መቀባት ለብዙ ሰው የባለጠጋ ጌጥ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀለም የግድግዳ ልብስ ነው። የማይስማማ ልብስ ገላን እንደሚጎዳ፣ ከግድግዳው ጠባይ ጋራ የማይስማማ ቀለምም ቤቱን ያፈርሳል።

ደማቅ ቀለም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐረር ለዚህ ምስክር ናት። በጀጎል ግንብ ውስጥ በጠባቡ መንገድ የሚሄድ ሰው በግራና በቀኝ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ግድግዳ ያያል። ወደ ቤት ሲገባም መደቡ በቀይ ቀለም ተቀብቶ ያገኘዋል። ይህችው ጥንታዊት ከተማ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2006 ዓመት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች።

ቀለም ከአትክልት ጋራ እንዴት እንደሚስማማ ለማወቅ ግን በሞሮኮ አገር፣ በማራኬሽ ከተማ ያለውን የማዦሬልን አትክልት ማሰብ ይጠቅማል። ዣክ ማዦሬል የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1923 በዚያ መሬት ገዝቶ ዛፍና አበባ ተከለ፤ በ1931 የሥራ ቤቱን አሠራ፤ በ1937 የሥራ ቤቱን ግድግዳ ጥልቅ በሆነ ሰማያዊ ቀባው። (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) በ1947 አትክልቱን ለሕዝብ ከፈተ። ከእርሱ በኋላ ቦታው ችላ ተብሎ ነበር፤ በ1980 ኢቭ ሳን ሎራንና ፒዬር ቤርዤ ገዝተው አደሱት። ያ ሰማያዊ ዓይንን የማያስቸግረው በዙሪያው ቁልቋል፣ ዘንባባና ቀርከሃ በብዛት ስለ ቆሙ ነው፤ አረንጓዴው ብዙ፣ ደማቁ ጥቂት ነው። የብዙ ሰው ስሕተት ቀለምን ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ማከማቸቱ ነው። በባላገር ቤትም ቢሆን ጌሾ ወይም እንሰት ከበስተኋላው አንድ ቀይ ወይም ቢጫ ግድግዳ ሲያገኝ ቅጠሉ ከፊት ይልቅ ያምራል።

እንግዲህ የጭቃ ግድግዳ እንደሚተነፍስ መታወቅ አለበት። በክረምት ርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ ይተፋል። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ሲቀባ ግን መተንፈሻው ይዘጋል፤ ውሃው ከቀለሙ በስተኋላ ይቀራል፤ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ሲላጥ ምርጉን ይዞ ይወርዳል። ገንዘብ ተዋጥቶበት የተቀባ ትምህርት ቤት በዚህ ምክንያት ከመቀባቱ በፊት ከነበረበት የባሰ ሊሆን ይችላል።

ኖራ ግን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ቀለም ሲያስፈልግ ቀይ ወይም ቢጫ ዐፈር ተፈጭቶ፣ በወንፊት ተነፍቶ ይጨመርበታል። የእነዚህ ዐፈሮች ቀለም ከብረት ዝገት የመጣ ስለ ሆነ ፀሐይም ኖራም አያጠፋውም። ሰማያዊ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም፤ የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለው በኖራ ውስጥ ተበላሽቶ ቡናማ ይሆናል። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላልና ኖራው ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይጨመር እንጂ ውሃ በኖራው ላይ አይፍሰስ፤ ሕፃናትም ይራቁ። ዓይን ውስጥ ቢገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሲቀባም ግድግዳው አስቀድሞ ውሃ ይረጭበታል፤ ኖራው ቀጥኖ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደራረባል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው በአሮጌ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ነው። ይህ መርዘኛ ብረት ይልቁንም በደማቅ ቢጫና በደማቅ ቀይ የዘይት ቀለም ይገባ ነበር፤ ወደ ሕፃን ሆድ ሲገባም አእምሮውን ይጎዳል። ኢትዮጵያ ይህን የሚቈጣጠር ደንብ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2018 አውጥታለች፤ ቀድሞ የተቀባው ግድግዳ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅ፤ ውሃ እየተረጨበት፣ ልጆች በሌሉበት ቀን ይነሣ፤ ፍቅፋቂውም ተጠራርጎ ከግቢ ይውጣ።

አዲሱ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንድ ክንድ በሚያህል ቦታ ተቀብቶ ሁለት ቀን ይቈይ። የኖራ ቀለም ርጥብ ሳለ ጠቍሮ ይታያል፤ ሲደርቅ እጅግ ይነጣል።