ከታካሚው ራስጌ

እሷ፦ ጎፋ ማዞሪያ፣ መብራት ኃይል፣ ገብርኤል አካባቢ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ዘመዳችሁ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት የምታመሰግኑት ማንን ነው?

እሱ፦ ቀዶ ሐኪሙን ነዋ! ራስጌ ቆሞ እስትንፋሱን፣ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን ደቂቃ በደቂቃ የሚከታተለው የሰመመን ባለሙያ ግን ይረሳል።

እሷ፦ ይኼ ያንገበግበኛል። ባለሙያው አስተኝቶ የሚሄድ የሚመስለው ሰው እኮ ብዙ ነው።

እሱ፦ የፅኑ ሕሙማን ክፍልም ከዚሁ ሙያ ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ሲበረታ፣ የሰመመን ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን በሕሙማኑ ጉሮሮ ቱቦ ገብቶ አየር እንዲሰጣቸው አደረገ። የሕክምና ተማሪዎች ቀን ከሌት እየተፈራረቁ በእጃቸው አየር እየጨመቁ አተነፈሷቸው።

እሷ፦ እኛም መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የዚህን ሙያ አስፈላጊነት አየን። ቬንቲሌተር ቢገዛ፣ ልኩን የሚያስተካክል ሐኪም ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

እሱ፦ በአገራችን ሰመመኑን በአብዛኛው የሚሰጡት በዲግሪ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ ስፔሻሊስት ሐኪሞቹ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንጋፋው የሰመመን ሐኪም ያክማል፣ ያስተምራል፣ ሌሊትም ይጠራል።

እሷ፦ እባካችሁ፣ ከቀዶ ጥገና በፊት የምትወስዱትን መድኃኒትና መቼ እንደበላችሁ ለሰመመን ባለሙያዎቹ ሳትደብቁ ንገሯቸው። ሆድ ባዶ ካልሆነ በሰመመን ጊዜ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።