የስሜን ጥንታዊ ግግር በረዶና የዛሬው የውሃ ጎተራ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት የስሜን ተራሮች ይጋረጡበታል። ከነዚህም መካከል ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ቧሂት ደግሞ ወደ 4,430 ሜትር ይደርሳል። ዛሬ በነዚህ ጫፎች ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም። ሆኖም ስሜን በአንድ ዘመን የግግር በረዶ አገር እንደ ነበረ ድንጋዮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነው ጥያቄም፣ ያ በረዶ ከጠፋ በኋላ የተራራውን ውሃ ይዞ የሚያቆየው ምንድን ነው? የሚል ነው።

ግግር በረዶ በክረምት ጥሎ በማግሥቱ እንደሚቀልጠው በረዶ አይደለም። በየዓመቱ የሚጥለው አመዳይ ሳይቀልጥ እየተደራረበ፣ በራሱ ክብደት እየተጠቀጠቀና እየጠጠረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ቁልቁል በዝግታ የሚንቀሳቀስ ታላቅ የበረዶ አካል ነው። በጉዞውም ዐለቱን እየፋቀ ጎድጓዳ ሥፍራ ይቀርጻል፤ ያመጣውንም ድንጋይና አፈር በግርጌውና በግራ ቀኙ ይከምራል። እንዲህ ያሉት ክምሮች በስሜን ከፍተኛ ጫፎች ዙሪያ ዛሬም ይታያሉ። አካባቢውን በስፋት ያጠኑት ስዊሳዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የስሜን አየር ከዛሬው በ7 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝ እንደ ነበር ገምተዋል። በባሌ ተራሮችም ከዚህ እጅግ የሰፋ ግግር በረዶ ነበር።

የስሜን ብርድ በጽሑፍም የታወቀው ከጥንት ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ወደብ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሜንን ውርጭና እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ አመዳይ ያለበት አገር አድርጎ ይጠቅሰዋል። ይህ ግን በየጊዜው የሚጥለውን አመዳይ የሚመለከት መሆን አለበት፤ ግግር በረዶው ከዚያ በብዙ ሺህ ዓመት በፊት ጠፍቶ ነበርና።

ዛሬ በአፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው። ዩኔስኮም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እነዚህ እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ድረስ እንደሚጠፉ ተንብዮአል። ነገር ግን ከኪሊማንጃሮ አንድ ትምህርት እንወስዳለን። ከዚያ ተራራ ለሚመነጩት ወንዞች የበረዶው ድርሻ አነስተኛ ነው፤ አብዛኛውን ውሃ የሚሰጠው ከበረዶው በታች ያለው የደን ቀበቶ ነው። እንግዲህ በኛ አህጉር የተራራ ውሃ ጎተራ በረዶ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በስሜንም እንዲሁ ነው። ቅዝቃዜው ካፈገፈገ በኋላ በነበሩት ከ10,000 በሚበልጡ ዓመታት፣ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ዐለት ላይ ጥቁርና ለም አፈር ቀስ በቀስ ተሠራ። በላዩም ጓሳ፣ ጅብራና አስታ በቀለ። ይህ አፈር የክረምቱን ዝናብና የጉሙን ጠል እንደ ስፖንጅ መጥጦ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በግጭ አጠገብ ወደ ገደል የሚወረወረው ጅንባርና ቧሂትን ከራስ ደጀን የሚለየው ማይ ሻሃ ከዚህ ጎተራ ይቀዳሉ፤ ውሃውም ወደ ተከዜ ይወርዳል። በተከዜ ላይ 188 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። 

እንግዲህ አፈሩ የበረዶው ወራሽ ነው። ነገር ግን ይህን ውርስ ለመሥራት ሺህ ዓመታት ሲያስፈልጉ፣ ለማጥፋት የአንድ ሰው ዕድሜ ይበቃል። ዳገቱ ያለ እርከን ለገብስ በታረሰ ቁጥር፣ ጓሳውም ከልክ በላይ በተጋጠ ቁጥር፣ ዝናቡ ሳይሰርግ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የተነሣው ቃጠሎም ጓሳውንና አስታውን ምን ያህል እንደሚጎዳ አሳይቶናል።

ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ተራ ቆይቶ ወጣ። በዚህ መካከል የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ለቀው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ይህን ማስታወስ የሙያ ግዴታችን ነው። ከታች ያለነው ሁሉ የምንጠጣውን ውሃ ለማቆየት ሲባል፣ መሬቱን የለቀቀው ከላይ የነበረው ገበሬ ነውና። ጥቅሙ ለሁሉ፣ ዕዳው ለጥቂቶች ከሆነ ጥበቃው አይጸናም።

ስለዚህ ከሙያችን የሚጠበቀው፣ ውሃ ተጠቃሚው ለውሃ ጠባቂው ድርሻውን የሚከፍልበትን መንገድ አጥንቶ ማቅረብ ነው። ከዚህም ጋር፣ የመንዝ ሕዝብ የጓሳ መሬቱን ለብዙ ዘመን በራሱ ደንብ እየዘጋና እየከፈተ እንደ ጠበቀ ሁሉ፣ የስሜን ገበሬም በደንቡ አወጣጥ ላይ ባለቤት መሆን አለበት።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ ግግር በረዶው ሲጠፋ ሊያስቀረው የሚችል ሰው አልነበረም። አፈሩ ግን ዛሬ የሚሄደው እኛ እያየን ነው፤ ሊቆም የሚችለውም በእኛው እጅ ነው።