ልግዛ ከማለት በፊት

እሷ፦ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ብዙ ሰው «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያለው።

እሱ፦ መጀመሪያ «ድርጅቱ በሙሉ ስንት ተባለ?» ማለት ነበረበት። የቀረበው 10 በመቶው ስለሆነ፣ ጠቅላላው 300 ቢሊዮን ብር ይመጣል።

እሷ፦ ታዲያ ውድ ነው ርካሽ?

እሱ፦ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ለዓመቱ የተጣራ ትርፍ አካፍዪው። ውጤቱ 10 ቢሆን፣ ትርፉ ባለበት ከቀጠለ የከፈልሽውን ለመተካት 10 ዓመት ይፈጃል ማለት ነው።

እሷ፦ ትርፉ የወረቀት ቢሆንስ? በዱቤ የተሸጠም እኮ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል።

እሱ፦ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ትርፉ እያደገ ከሥራው የሚገባው ገንዘብ ከቀነሰ፣ ተሰብሳቢ ሒሳቡን መርምሪ።

እሷ፦ ዕዳውንም ጨምር። በዶላር የተበደረ ድርጅት ብር ሲዳከም ዕዳው በብር ይከብዳል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህን መርሳት አይቻልም።

እሱ፦ የኦዲተሩ አስተያየትና ከሒሳቡ ጋር የተያያዙት ማብራሪያዎችም አይዘለሉም። ክስና የዋስትና ግዴታ የሚጻፈው እዚያ ነው።

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ የባንክም ሆነ የኢንሹራንስ አክሲዮን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የደላላ ወሬ ከመስማታችሁ በፊት በኦዲተር የተመረመረ የ3 ዓመት የሒሳብ መግለጫ ጠይቁ። አናሳይም ካሏችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ።