የባዮጋዝ ምድጃ ሲዳከም ምክንያቱን በተራ መፈለግ

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ለሚገኙ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ከከብት እበት ስለሚገኘው የባዮጋዝ እሳት አያያዝና ጥገና ነው። ስለ ባዮጋዝ ጥቅም ብዙ ጊዜ ተነግሯችኋል። እሳቱ አንድ ቀን እንቢ ያለ እንደ ሆነ ምን ማድረግ እንደሚገባ የተነገራችሁ ግን ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ጉድጓዱ በገንዘብና በጉልበት ተሠርቶ፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ገብቶበት፣ ቱቦው እስከ ወጥ ቤት ተዘርግቶ ሳለ፣ ምድጃው በደከመ ጊዜ ባለቤቱ «ተበላሸ» ብሎ ይተወዋል። የቤቱ እመቤትም ወደ ማገዶውና ወደ ጢሱ ትመለሳለች። እንዲህ ሆኖ የቀረ ጉድጓድ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ያስታውሰናል።

ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር በመጀመሪያ የተሰማራው በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በዚያን ጊዜ የጉራጌ አገር ይገኝበት በነበረው በደቡብ ክልል ነው። በፕሮግራሙ የተሠራው ጉድጓድ «ስንዱ» ይባላል፤ ንድፉም ከኔፓል አገር መጥቶ ለአገራችን እንዲስማማ የተሻሻለ ነው። ጉልላቱ ከመሬት በታች የተቀበረና የማይንቀሳቀስ ስለ ሆነ፣ በደንብ ተሠርቶ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቶሎ የሚያረጀው የጎማው ቱቦ፣ ቫልቩና ምድጃው ነው፤ እነዚህም የሚጠገኑ ወይም የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው።

እንግዲህ የዚህ ንግግር ዋና ቃል ይህ ነው፤ እሳቱ ሲዳከም ጉድጓዱን አትተዉት። ከምድጃው ጀምራችሁ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ጉድጓዱ በተራ ፈትሹ።

ጋዙ የሚገኘው እንዴት ነው?

እበትና ውሃ ተደባልቆ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ያብላሉታል። ከዚህም ጋዝ ይወጣል። ከጋዙ ከግማሽ የሚበልጠው ሜቴን የሚባለው የሚነደው ክፍል ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው የማይነደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ በጉልላቱ ሥር ሲጠራቀም ድፍድፉን ወደ መውጫው ገንዳ ይገፋዋል። ጋዙ በምድጃው ሲነድ ደግሞ ድፍድፉ ተመልሶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የመውጫውን ገንዳ በየጠዋቱ ማየት ልማድ ይሁን። ድፍድፉ ከፍ ብሎ ካደረ በጉድጓዱ ውስጥ ጋዝ አለ ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንይ። 1 ኪሎ እርጥብ የከብት እበት ወደ 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። አንድ የቤት ምድጃ በሰዓት ወደ 400 ሊትር ይጨርሳል። እንዲህ ከሆነ ለ1 ሰዓት እሳት 10 ኪሎ እበት፣ ለ3 ሰዓት እሳት 30 ኪሎ እበት በየቀኑ መግባት አለበት ማለት ነው። 15 ኪሎ እየጨመረ የ3 ሰዓት እሳት የሚጠብቅ ሰው ምድጃውን ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል። ከብቶቹ ቀን በግጦሽ የሚውሉ ከሆነ የሚሰበሰበው የሌሊቱ እበት ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ከብት ተሽጦ ወይም ሞቶ ቁጥሩ ከቀነሰ እሳቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አንደኛ፤ ምድጃውን እዩ

የእሳቱ መልክ ብዙ ነገር ይናገራል።

ነበልባሉ ሰማያዊና የረጋ ከሆነ ምድጃው ደኅና ነው።

ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ካጠቆረ አየር አንሶታል። የአየር ማስገቢያውን ቀለበት ጥቂት ክፈቱት። የምድጃው ቀዳዳዎች ወጥ ወይም ወተት ገንፍሎባቸው እንደ ሆነ አውልቃችሁ እጠቡ፤ አድርቃችሁም መልሱ።

ነበልባሉ ከምድጃው ራስ ላይ እየተነሣ የሚጠፋ ከሆነ አየሩ ወይም ግፊቱ በዝቷል። በመጀመሪያ የአየሩን ቀለበት፣ ቀጥሎም የጋዙን መክፈቻ ቀነስ አድርጉ።

ነበልባሉ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል።

በመውጫው ገንዳ ድፍድፉ ከፍ ብሎ እየታየ እሳቱ ግን አጭርና ደካማ ከሆነ፣ ጋዙ ወደ ምድጃው የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በቀጭን ሽቦ ጥረጉት። በምስማር አስፍታችሁ የከፈታችሁት እንደ ሆነ ግን ጋዙ ያለ ልክ ይባክናል፤ ምድጃውም ከእንግዲህ በደንብ አይነድም።

ሁለተኛ፤ ቱቦውን ፈትሹ

ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ እርጥበት ያለው ነው። በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ በድስት ክዳን ላይ እንደሚንጠባጠበው ላብ፣ እርጥበቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። ውሃው በዝቅተኛው ቦታ ተጠራቅሞ የጋዙን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ የውሃ ማስወገጃውን ቫልቭ ከፍታችሁ ውሃው እስኪያልቅ አፍስሱት። ጋዝ መውጣት ሲጀምር ወዲያውኑ ዝጉት። በዚህ ጊዜ በአካባቢው እሳት አይኑር።

ጋዝ በመገጣጠሚያ በኩል የሚያፈስ መሆኑን ለማወቅ የሳሙና አረፋ በመገጣጠሚያው ሁሉ ላይ ቀቡ። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ማፍሰሻው ነው። ክብሪት ጭሮ መፈለግ ግን ቤት ያቃጥላል፤ ሰውም ይጎዳል። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ በጨርቅ አይጠቀለል፤ ይለወጥ።

የማፍሰሻው ቦታ በዚህ ካልተገኘ የሁለት ሌሊት ፈተና አድርጉ። በመጀመሪያው ማታ ራት ከተሠራ በኋላ የምድጃውን መክፈቻ ዝጉ፤ በጉልላቱ አናት ላይ ያለውን ዋናውን ቫልቭ ግን ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ጠዋት የግፊት መለኪያው የሚያሳየውን ጻፉ። መለኪያ ከሌለ ምድጃው ስንት ደቂቃ እንደ ነደደ ቁጠሩ። በማግሥቱ ያንኑ ያህል እበት ጨምራችሁ፣ ያንኑ ያህል እሳት ተጠቅማችሁ፣ ማታ ዋናውን ቫልቭ ዝጉት። ጠዋት ከፍታችሁ እንደገና ለኩ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም በልጦ ከተገኘ ጋዙ የሚጠፋው ከዋናው ቫልቭ ወዲህ ባለው ቱቦ ነው፤ ጉድጓዱ ደኅና ነው። ሁለቱም እኩል ዝቅተኛ ከሆኑ ምክንያቱ ከጉድጓዱ ዘንድ ነው። ወይ ጋዝ አልተመረተም፣ ወይ ጉልላቱ ያፈስሳል። ጉልላት መጠገን የሠለጠነ ግንበኛ ሥራ ስለ ሆነ ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት የጉድጓዱን ቀለብ መርምሩ።

ሦስተኛ፤ የጉድጓዱን ቀለብ መርምሩ

ለእርጥብ እበት ልኩ አንድ ባልዲ እበት ለአንድ ባልዲ ውሃ ነው። የደረቀ እበት ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ ያነሰው ድፍድፍ ይወፍርና አይፈስስም፤ ውሃ የበዛበት ደግሞ ሳይብላላ ቶሎ ይወጣል። ገለባው፣ ሣሩና አፈሩ በማደባለቂያው ገንዳ ላይ ይለቀም። ገለባ ወደ ላይ ተንሳፍፎ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፤ አፈር ወደ ታች ወርዶ ጉድጓዱን ይሞላል።

የሳሙና እጣቢና በረኪና ወደ ጉድጓዱ አይግባ፤ የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ይገድላል። መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ በተለይ ጠንቀቅ በሉ። መድኃኒት የተወጋች ላም እበትም ለጥቂት ቀናት ለብቻው ይቀመጥ።

ቅዝቃዜም ጋዝ ይቀንሳል። ተሕዋስያኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠሩት ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ስለዚህ በክረምትና በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቶች፣ ይልቁንም በደጋው ቀበሌ፣ እሳቱ ቢያንስ ብልሽት አይደለም። በፀሐይ ቀን ድፍድፉን ጠዋት ደባልቃችሁ በገንዳው ውስጥ አቆዩትና ሙቀት ሲያገኝ ወደ ጉድጓዱ ልቀቁት። በዝናብ ጊዜ የጎርፍ ውሃ ወደ ማስገቢያው እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ቅደዱ።

ለወራት ተትቶ የነበረ ጉድጓድ ሲታደስ ብዙ እበት በአንድ ቀን አትገልብጡበት፤ ይኮመጥጥና የሚወጣው ጋዝ አልነድ ይላል። ደኅና ከሚሠራ የጎረቤት ጉድጓድ ጥቂት ባልዲ የተብላላ ድፍድፍ አምጡና ጨምሩበት። ይህ ለሊጥ እንደሚጨመር እርሾ ነው። ከዚያ በኋላ ቀለቡን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ከፍ አድርጉ። የመጀመሪያው ጋዝ ባይነድ ከእሳት ርቃችሁ በደጅ ልቀቁትና ተከታዩን ጠብቁ።

ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር

በጉድጓዱ ውስጥ አየር የለም። ዕቃ ወደቀብን ወይም ቅርፊቱን እንጠርጋለን ብላችሁ ከቶ አትግቡ። የገባውን ሊያወጣ የገባ ሁለተኛ ሰውም ይሞታል። የመውጫው ገንዳ ሕፃንና ጥጃ እንዳይገባበት ዘወትር በጠፍጣፋ ክዳን ይከደን። በወጥ ቤት ውስጥ የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፤ መብራትም አታብሩ። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ዋናውን ቫልቭ ዝጉ።

ስለ እንሰታችሁ አትስጉ

በጉራጌ አገር እበት የእንሰት ቀለብ ነው። «እበቱን ለጋዝ ከሰጠሁ እንሰቴ ምን ይበላል?» የሚል ገበሬ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱም የሚያስደስት ነው። ከጉድጓዱ እንደ ጋዝ የሚወጣው በብዛት ካርቦን ነው። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በድፍድፉ ውስጥ ይቀራሉ፤ ለእንሰቱ የሚያስፈልጉትም እነዚህ ናቸው። ኩበት አድርጎ የሚያነድ ሰው ግን ናይትሮጅኑን ከጢሱ ጋር ይለቀዋል።

ስለዚህ ከመውጫው ገንዳ የሚወጣውን ድፍድፍ አትድፉት። ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ድፍድፍ ከናይትሮጅኑ ብዙውን በአየር ስለሚያጣ፣ በጥላ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ከደረቀ ሣርና ከቅጠል ጋር እየደረባችሁ አብስሉት። ከእንሰቱ ግንድ ራቅ አድርጋችሁ በዙሪያው አፍስሱና አፈር አልብሱት። በአጠውልግ በሽታ የተያዘ እንሰት ቅጠልና ግንድ ግን ከዚህ ጋር አይቀላቀል፤ በሽታውን ወደ ጤነኛው ያዛምታል።

የባዮጋዝ ምድጃ ለቡና፣ ለወጥ፣ ለጎመን፣ ለወተትና ለውሃ ይበቃል። ሰፊ ምጣድ ለሚፈልጉት ለእንጀራና ለቆጮ ግን በብዙ ቤት ማገዶ አሁንም አልቀረም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያለ አግባብ ቅር ከመሰኘት ያድናል። ቢሆንም በየቀኑ የ3 ሰዓት ጢስ ከቤት ሲቀር ለእናት ዓይንና ለሕፃን ሳንባ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ለልማት ሠራተኞች

ጉድጓድ ተሠርቶ ሲመረቅ ሥራችሁ አላለቀም። በቀበሌያችሁ ያሉትን ጉድጓዶች መዝግቡ፤ የሚሠራውንና የቆመውን ለዩ። የቆመው በምን ምክንያት እንደ ቆመ ከላይ በተነገረው ተራ መርምሩ። ምድጃውን በየቀኑ የምትይዘው እመቤቲቱ ስለ ሆነች ትምህርቱ ለእርሷም ይሰጥ። የጎማ ቱቦ፣ ማሠሪያና ቫልቭ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ገበያ የት እንደሚገኝ አስቀድማችሁ አጣሩ። አንድ ገበሬ አንዲት ጎማ አጥቶ ጉድጓዱ እንዳይዘጋበት ከጎረቤቶቹ ጋር ተባብረው መለዋወጫ እንዲገዙ ምከሩ።

የሥራ መርሐ ግብር

በየቀኑ፤ እበትና ውሃ እኩል ደባልቆ መጨመር፣ የመውጫውን ገንዳ ማየት፣ ምድጃውን መጥረግ።

በየሳምንቱ፤ ውሃውን ከቱቦው ማፍሰስ፣ የመውጫውን መንገድ መጥረግ።

በየወሩ፤ መገጣጠሚያዎችን በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ የጎማውን ቱቦ መመልከት።

በየዓመቱ፤ ከክረምት በፊት የጎርፉን ቦይ ማደስ፣ ቫልቮቹን በባለ ሙያ ማስመርመር።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ለዚህ ሥራ የሰጠ ቤት እሳቱ አይጠፋበትም። ጉድጓዱ የቆመባችሁም ዛሬውኑ ከምድጃው ጀምሩ። በተራ ፈትሻችሁ ምክንያቱን ካጣችሁት የሁለቱን ሌሊት ልክ በወረቀት ይዛችሁ ወደ ልማት ሠራተኛችሁ ሂዱ። እርሱም ከዚያ ላይ ተነሥቶ ሊረዳችሁ ይችላል።