እናቲቱንስ ማን ይጠይቃት?



ስለ ሕፃናት አእምሮ ጤና ሲነሳ ብዙ ሰው ይገረማል፤ አፉን ያልፈታ ልጅ ምን የሚያስጨንቀው ነገር አለ ይላል። ሆኖም ሲያለቅስ የሚያባብለው፣ ሲስቅ የሚስቅለት ያጣ ሕፃን ጉዳቱ በእንቅልፉም በዕድገቱም ይታያል። የሕፃኑን አእምሮ የሚጠብቀው አሳዳጊው ነው፤ አሳዳጊው ከታመመ ሕፃኑም ይጎዳል። ስለዚህ ለሕፃናት አእምሮ የሚቆም ፖሊሲ ከእናቲቱ ይጀምር እላለሁ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ቡታጅራ አካባቢ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ ጭንቀትና ድብርት የነበረባቸው እናቶች ምጣቸው የመራዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበት ጊዜም የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሕመሙ ከወለዱም በኋላ በዘለቀባቸው እናቶች ልጆች ላይ ደግሞ ተቅማጥ በዝቶ ተገኝቷል።

እስቲ ወደ ጤና ኬላው እንግባ። እናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ልጇን ታስከትባለች። ልጁ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ይሞላል። «ጡት በደንብ ይጠባል?» ትባላለች። «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል? ሆድ ይብስሻል?» የሚላት ግን እምብዛም የለም። ሦስቴ መጥታ ሦስቴም ሳትጠየቅ ትመለሳለች።

መጠየቅ ምን ይፈይዳል ለምትሉኝ የፓኪስታንን ገጠር ልጥቀስ። እዚያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ጋር የሚመሳሰሉ ሴቶች አጭር ሥልጠና ወስደው፣ በድብርት የተያዙ እናቶችን ቤት ለቤት እየሄዱ ደገፉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ልጁ 6 ወር ሲሞላው ከተደገፉት እናቶች ድብርቱ ያልለቀቃቸው 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህ ድጋፍ ካልደረሳቸው ግን 53 በመቶ ነበሩ። የልጆቹ ተቅማጥ ቀነሰ፤ ክትባት የጨረሱት በረከቱ፤ እናትም አባትም ከልጃቸው ጋር መጫወት አበዙ።

ሕጋችንም ይፈተሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር መፍቀዱ የሚመሰገን ነው። ለአባት ግን የፈቀደው 3 ቀን ብቻ ነው። አሠሪ የሌላት ገበሬና የጉልት ነጋዴ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋም ሴት ይህ ፈቃድ አይደርሳቸውም። እነርሱን እስካሁን የያዛቸው ገንፎ ይዞ አራስ የሚጠይቅ ዘመድና ጎረቤት ነው። ከተማ ለሥራ ገብታ ዘመድ ከራቃት ግን ያም የለም።

እንግዲህ የጤና ኃላፊዎችን የምጠይቀው ግልጽ ነው፦ ስለ እናቲቱ ሁኔታ የሚጠየቁ ጥያቄዎች በክትባት ቀን መደበኛ ሥራ ይሁኑ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠናው ይሰጥ፤ ይህ ሲጨመርባቸውም ሌላ ሥራ ይቀነስላቸው። ሕግ አውጪዎች የአባትን ፈቃድ ያራዝሙ፤ ፈቃዱ ላልደረሳቸው እናቶችም መላ ይፈልጉ። እናንተ ደግሞ አራስ ስትጠይቁ ሕፃኑን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ እናቲቱንም «እንዴት ነሽ?» በሏት፤ መልሷንም ጊዜ ሰጥታችሁ ስሙ።