በአቴና የተማሩ ሦስት ተማሪዎች፤ ስለ ሃይማኖት፥ ስለ ፍልስፍናና ስለ ግብረ ገብነት ትምህርት የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የአንድ ደብር ኢዮቤልዩ ሲከበር ያለፈውን ዘመን ማመስገን ልማድ ነው፤ ደግሞም የተገባ ነው። ነገር ግን ያለፈው የሚመሰገነው ለሚመጣው ትምህርት እንዲሆን ነውና፥ በዚህ በዓል የደብሩን ልጆች ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ዛሬ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቈጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ዲቁና ተቀብሎ ያገለገለ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ሕክምና ወይም ምሕንድስና እማራለሁ ያለ እንደ ሆነ ወላጅ ሁሉ ደስ ይለዋል። ሃይማኖትን፥ ፍልስፍናንና ግብረ ገብነትን እማራለሁ ያለ እንደ ሆነ ግን እናት ትደነግጣለች፤ አባትም «ሃይማኖትማ ከቤተ ክርስቲያን ተምረሃል፤ ምን ቀረህ?» ይላል፤ የነፍስ አባትም የሚመልሰው አጥቶ ዝም ይላል። ይህ ድንጋጤ የሚናቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ተመርምሮ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት እንዲሁ ተጠይቆ ነበር። (በዚህ ቃል ስለ ጥንቱ ነገር የሚጠሩት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን አቴና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ እንደሚባለው ያለ የከፍተኛ ትምህርት ከተማ ነበረች። መምህራኖቿ የሆሜርን ቅኔ፥ የአነጋገርን ጥበብ፥ የእነ ፕላቶንን ፍልስፍና ያስተምሩ ነበር፤ ከነዚያም የሚበዙት አረማውያን ነበሩ፤ የጣዖታቱም ቤት ገና በከተማው ቆሞ ነበር። ወደዚያች ከተማ ከቀጰዶቅያ አገር ሁለት ክርስቲያን ወጣቶች ሄዱ፤ አንዱ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ፥ ሁለተኛውም ባስልዮስ ዘቂሣርያ ነው። ጎርጎርዮስ ከእስክንድርያ ወደ አቴና በባሕር ሲሻገር ማዕበል ተነሥቶ መርከቢቱ ልትሰጥም ደረሰች፤ እርሱም ገና አልተጠመቀም ነበርና ከሞቱ ይልቅ ሳይጠመቅ መሞቱ አስጨነቀው። ባስልዮስም ከእርሱ በኋላ በደረሰ ጊዜ፥ የቆዩት ተማሪዎች አዲስ መጤውን በማላገጥ ወደ መታጠቢያ ቤት የመውሰድ ልማድ ስለ ነበራቸው፥ ጎርጎርዮስ ስለ ወዳጁ ተናግሮ ከዚያ ውርደት አዳነው። ከዚህ በኋላ በአንድ ቤት ኖሩ፥ አንድ ማዕድ በሉ። ጎርጎርዮስ በኋላ ስለ ወዳጁ በጻፈው የኀዘን ንግግር እንደ መሰከረው፥ በዚያች ከተማ አጥብቀው የሚያውቁት መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛውም ወደ መምህራን የሚወስደው።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ የወላጅን ፍርሃት ለመገሠጽ በቀለለ ነበር። ነገር ግን በ355 ዓመት ሦስተኛ ተማሪ ወደ አቴና መጣ፤ እርሱም ዑልያኖስ ነው። ዑልያኖስም ክርስቲያን ሆኖ ያደገ፥ በቤተ ክርስቲያንም መጻሕፍትን ያነበበ ልጅ ነበር። በ361 ንጉሠ ነገሥት በሆነ ጊዜ ግን ክርስትናን በግልጥ ትቶ የጣዖታትን አምልኮ መለሰ፤ በ362ም ክርስቲያኖች የግሪክን ትምህርት እንዳያስተምሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ።

እንግዲህ በአንድ ከተማ አንድ ዐይነት ትምህርት ሰምተው፥ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ዐምድ ሲሆኑ አንዱ አሳዳጅ ሆነ። ጥፋቱ የትምህርቱ ከሆነ ሁለቱ እንዴት ዳኑ? ትምህርቱስ ንጹሕ ከሆነ አንዱ እንዴት ጠፋ? ምላሹን ለማግኘት ከአቴና በፊት የነበረውን ዘመኑን ማየት ይገባል። በ337 ታላቁ ቈስጠንጢኖስ ሲያርፍ ወታደሮች የዑልያኖስን አባትና ብዙ ዘመዶቹን ገደሉ፤ ያን ጊዜ እርሱ ገና ሕፃን ነበር። ዑልያኖስ በኋላ የዚህን ደም በደል ክርስቲያን በነበረው ንጉሥ፥ በአጎቱ ልጅ በቈንስጣንዮስ ላይ አድርጎታል። ያሳደገውም ቤተ መንግሥት ወንጌል የሚነበብበትና ደም የፈሰሰበት ቤት ነበረ። የአረማውያን መምህራን ቃላቸውን የዘሩት በዚህ ቍስል ላይ ነው። ባስልዮስ ግን በስደት ዘመን በዱር ተሸሽገው ከኖሩ አያቶች፥ ቃላቸውና ሥራቸው አንድ ከሆነ ቤተ ሰቦች ተወልዶ ሄደ። ስለዚህ ወላጅ «ዩኒቨርሲቲው ልጄን ምን ያደርግብኛል?» ብሎ ሳይጠይቅ አስቀድሞ «ልጄ ከቤቴና ከደብሬ ምን አይቶ ይሄዳል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። በስብከት ፍቅርን ሰምቶ በሰበካ ጉባኤ ጠብን ያየ፥ ስለ ምጽዋት ተምሮ ድኻው ከደጀ ሰላም ሲባረር ያየ ልጅ፥ ጥርጣሬውን የሚያገኘው ከፈላስፋ አይደለም፤ ይዞት ይሄዳል፤ ፈላስፋው ስም ብቻ ያወጣለታል።

አሁን ደግሞ ትምህርቱ ራሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ትምህርት የብዙ ሕዝብን እምነት፥ ታሪኩንና መጻሕፍቱን አስተያይቶ ይመረምራል፤ ለማሳመን አይሰብክም፥ ለማስካድም የተሠራ አይደለም። ፍልስፍና ከሎጂክ ይጀምራል፤ ይኸውም አንዱ ነገር ከሌላው በእውነት ይከተል ወይም አይከተል እንደ ሆነ የሚለይበት ሚዛን ነው። ግብረ ገብነትም ሰው እንዴት ሊኖር እንደሚገባው ይጠይቃል። አርስቶትል በጎነት በልማድ የሚገኝ፥ በመብዛትና በማነስ መካከል ያለ ነው ይላል፤ ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውን ለሌላ ነገር መሣሪያ ብቻ ማድረግ አይገባም ይላል፤ ሚል ደግሞ የሥራ መልካምነት ለብዙዎች በሚያስገኘው ደስታ ይለካል ይላል። ተማሪው ሦስቱን አጥንቶ ቢደግም አይመሰገንም፤ አንዱን ቢመርጥ ምክንያቱን፥ ሁሉን ቢነቅፍም ምክንያቱን እንዲሰጥ ይጠየቃል።

ለዚህ ሥራ የቅኔ ቤት ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ሲደርስ፥ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር እንደ ሆነ፥ በሰሙ ውስጥ ወርቁን መፈለግ እንደሚገባ፥ በጉባኤ ፊት ቅኔው ሲነቀፍ መታገሥን ተምሯል። በመጻሕፍት ቤትም «አንድም» እየተባለ ለአንድ ቃል ብዙ ፍች ሲሰጥ ሰምቷልና፥ ሁለተኛ አሳብ በሰማ ጊዜ አይደነግጥም። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በአንድምታ ፍችዎቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በፍልስፍና ጉባኤ ግን አሳቦቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፥ ተማሪውም ዳኛ ይሆናል። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያልተነገረው ልጅ ይሰናከላል፤ የተነገረው ግን ይበረታል።

ፍልስፍናም ለግእዝ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው መቶ ዓመት በአባ ሚካኤል እጅ ከዐረብ ቋንቋ ወደ ግእዝ ተመልሷል። ከካናዳ መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ይህንኑ መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አሳተሙት። ከውጭ አገር የመጣ ሰው በገዳማትና በአድባራት ሣጥን የነበረውን ሀብት ለዓለም ሲገልጥ፥ የሣጥኑ ባለቤት ልጅ እንዳይማር መከልከል እንዴት ይገባል?

ከባስልዮስ ታሪክ የቀረ አንድ ነገር አለ። ከአቴና በተመለሰ ጊዜ እርሱም ሳይጎዳ አልተመለሰም። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እንደ ጻፈው፥ ባስልዮስ በአነጋገር ጥበቡ ታብዮ ሹማምንቱን ሁሉ ንቆ ነበር። የገሠጸችውና ወደ ትሕትና የመለሰችው ታላቅ እኅቱ ማክሪና ናት። እርሷ አቴናን አላየችም፤ ነገር ግን አላባረረችውም፥ በትምህርቱም አላፈረችበትም፤ በፍቅር ቀረበችው። ከዚህ በኋላ ያ ትምህርት ፍሬ ሰጠ። በ369 ገደማ በቀጰዶቅያ ረኀብ በሆነ ጊዜ፥ ባስልዮስ ጎተራቸውን የቈለፉትን ባለጠጎች በዚያው በአቴና በተማረው አነጋገር ገሠጻቸው፤ የተራቡትንም ሰብስቦ በገዛ እጁ አገለገላቸው። ጳጳስ ከሆነ በኋላም ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድኾች፥ ለመንገደኞችና ለለምጻሞች ሐኪም ያለበት ታላቅ ማረፊያ ሠራ። ለወጣቶችም የግሪክን መጻሕፍት እንዴት እንደሚያነቡ ጽፎ፥ ንብ ከአበባ ሁሉ የሚጠቅመውን ብቻ እንደምትቀስም እንዲሁ እንዲያደርጉ መከራቸው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱን በስሙ ትቀድሳለች።

ስለዚህ አባቶች ሆይ፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ልጅ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፥ ከመሄዱ በፊት ቃልና ሥራ አንድ የሆነበትን ደብር ይይ። ሁለተኛ፥ በሚማርበት አገር እንደ ጎርጎርዮስ ያለ ጓደኛና የቤተ ክርስቲያንን መንገድ የሚያሳየው ሰው አይጣ፤ ደብሩም በደብዳቤና በጸሎት አይርሳው። ሦስተኛ፥ ጥያቄ ይዞ ሲመለስ እንደ መናፍቅ አይታይ፤ ጥያቄውን ተቀምጦ የሚሰማ መምህር፥ ትዕቢቱን በፍቅር የሚያበርድ እንደ ማክሪና ያለ ዘመድ ይቈየው። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ሁሉ ክህደት አይደለም፤ ሰሚ ያጣ ጥያቄ ግን ልጁን ከቤት ያስወጣዋል።

ይህን ኢዮቤልዩ ያሳየ እግዚአብሔር፥ የሚመጣውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩትን ልጆች በጥበብና በሃይማኖት ያሳድግልን፤ አሜን።